የመርሳው ፊት ቆራጭ

ዓሪፍን መርሳ ውስጥ በአባቱ ስም የሚጠራው የለም፤ ፊት ቆራጩ ነው የምንለው። ፎቶ ቤቱ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ነው፣ ከእኔ የሰልባጅ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። እኔ ቡርቱካን ስለሱ የማላውቀው ነገር ቢኖር ሚስቱ የምታውቀው ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ልብስ ልትመርጥ ስትመጣ ትነግረኛለች።

ከጦርነቱ በፊት እንጀራው ውሸት ነበር፣ ክፋት የሌለበት ውሸት። ከውርጌሳ አልፎ የማያውቅ ሙሽራ ይመጣል፤ ዓሪፍ ነጭ አንሶላ ፊት አቁሞ ያነሳውና ኮምፒውተሩ ላይ ዙሪያውን ቆርጦ ዱባይ ፎቅ ሥር ይተክለዋል። ሐጅ ያላደረጉ ሽማግሌ ካዕባ ፊት ቆመው ይወጣሉ። "ኒያዬ ነው፣ የልቤ ምኞት" ይላሉ ሲወስዱት፣ ማንም አይስቅባቸውም። ለእኔም የወለቀ ጥርሴን ስንቴ መልሶልኛል። አፉ ግን አያርፍም። "ቡርቴ፣ ያንቺን ፊት ሳቃና ኮምፒውተሩ ይግላል" ይለኛል። እኔም "ያንተን ሲያቃና የተቃጠለውስ የት ተቀበረ?" እለዋለሁ። እንዲህ እየተጎሻሸምን ነበር የምንውለው።

መምህር ተወልደብርሃን የወልድያ ልጅ ነው። ወላጆቹ ከትግራይ መጥተው እዚያ ሲነግዱ የወለዱት፣ እዚህ መርሳ አንደኛ ደረጃ የሚያስተምር ቀጭን፣ ትሑት ሰው። አንድ ቀን ተናዶ ፎቶ ቤት ገባ። ከላይ የመጣለት የትምህርት መርጃ ሥዕል ላይ "ሐኪም" ከሚለው ቃል በላይ ፀጉሩ ቢጫ የሆነ ሰውዬ አለ። ልጆቹ ደግሞ ፊደሉን ትተው ሥዕሉን እያዩ "ፈረንጅ" ብለው ያነባሉ።

"የሚያውቁትን ሰው ፊት ብታደርግልኝ ግን ቃሉን መጠየቃቸው አይቀርም" አለው። "ባለጋሪው ኡበይደላ ምን ሆኖ ነው ነጭ ጋዋን የለበሰው ብለው ይጠይቃሉ። ያን ጊዜ አስተምራቸዋለሁ።"

ዓሪፍ ያን ሥራ እንደያዘ ሙሽራ ሁሉ ተረሳ። የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ ከእግር እስከ ራሱ ያነሳል፤ ከአንገት በላይ ይቆርጣል፤ የሐኪሙን፣ የዳኛውን፣ የአናጢውን አካል ከኢንተርኔት ያወርድና ፊቱን ይገጥምበታል። የአንገቱን ቆዳ ያመሳስላል፤ የሁሉም ጥላ በአንድ ወገን እንዲወድቅ ያደርጋል። የተረፈውን የሰው አካል ይደመስሰዋል፤ ኮምፒውተሩ አርጅቶ ቦታ የለውም። ባለጋሪው ኡበይደላ ሐኪም ሆነ። እኔ ወላሂ፣ ሰልባጅ ሻጯ፣ ባለክንፍ ቆብ ደፍቼ "አብራሪ" ሆንኩ። ልጆች በሱቄ ሲያልፉ እጃቸውን ዘርግተው እንደ አውሮፕላን ይንጫጩብኝ ነበር።

ወታደር የሚሆን ግን ጠፋ። ሰሜን ላይ ጦርነቱ ተጀምሯል፤ ማን መለዮ ለብሶ መታየት ይፈልጋል? ያን ጊዜ ሲራጅ "እኔ ልሁን" አለ። ሲራጅ የፎቶ ቤቱ በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ ልብስ የሚሰፋ፣ የእማ አሲያ አንድ ልጅ ነው። በሕፃንነቱ ልምሻ ይዞት ግራ እግሩ እንደ ሸንበቆ ቀጥኖ ቀርቷል፤ ያለ ምርኩዝ አይራመድም። ተሳሳቅን። እሱም አብሮን ስቆ፣

"ዱንያ ላይ የተከለከልኩትን ወረቀት ላይ ምን ከለከለኝ?" አለ።

ዓሪፍ ሁለት ቀጥ ያሉ፣ ከስክስ ጫማ ያደረጉ እግሮች ላይ ተከለው። ወላጆች ትምህርት ቤት በተጠሩ ቀን እማ አሲያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሥዕል ቻርት ፊት ሄደው እነዚያን እግሮች በጣታቸው እየዳሰሱ ቆሙ። "አልሐምዱሊላህ፣ ልጄን አቆምከው" አሉት ዓሪፍን፣ እንባቸው እየወረደ። ዓሪፍ ደነገጠና ካሜራው ውስጥ ሳይቆረጥ የቀረውን ፎቶ፣ ሲራጅ በምርኩዙ መኪናው አጠገብ የቆመበትን፣ አትሞ አመጣላቸው። ከአልጋቸው ራስጌ ሰቀሉት። ቤታቸው ውስጥ የነበረ ፎቶ እሱ ብቻ ነው።

በነሐሴ ወልድያ ተያዘች ሲባል መርሳ ጭንቅ ገባት። የቻለ ወደ ደሴ ሸሸ፤ የዘመተ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ፎቶ ሲያቃጥል ዋለ። ዓሪፍ ቤት ለቤት እየዞረ መለዮ ያለበትን ሥዕል ከግድግዳ አስወረደ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የወታደርና የሚሊሻ ጉርድ ፎቶ አንድም ሳያስቀር ደመሰሰ። እውነተኛውን ሁሉ አጠፋን። ትምህርት ቤት የተሰቀለው ቻርት ግን ለማናችንም ትዝ አላለንም። ውሸት ነዋ። ውሸትን ማን ይፈራል?

የትግራይ ታጣቂዎች ገብተው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰፈሩ። ዴስኩን ፈልጠው አነደዱት። የዓሪፍን ኮምፒውተርና ካሜራ የፎቶ ቤቱን በር ሰብረው በመጀመሪያው ሳምንት ጭነው ወሰዱ። ከዚያ አንዱ ክፍል ግድግዳ ላይ ቻርቱን አገኙት። ወታደሩን በጩቤ ቆርጠው አወጡና አንድ ወጣት ታጣቂ ያን ቁራጭ ይዞ ገበያ ለገበያ ፊት ሲያመሳስል ዋለ።

ሲራጅ በረንዳው ላይ ነበር። ታጣቂው ሥዕሉን አየ፣ ሲራጅን አየ፣ "ተነስ" አለው። ሲራጅ ምርኩዙን ብብቱ ሥር አድርጎ ተነሳ። እኔ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ልቤ ረጋ፤ እግሩን ሲያይ ይተወዋል ብዬ። ታጣቂው እግሩን አየና፣

"የትኛው ግንባር ነው የቆሰልከው?" አለው።

እየገፋ ወሰደው። በማግስቱ እንደሚገድሉት ወሬው ደረሰን። እማ አሲያ ከራስጌያቸው ፎቶውን አውርደው ለዓሪፍ ሰጡት። "ይኸው፣ ምርኩዙ አለ፣ እግሩ አለ። ይህን አሳይልኝ" አሉት። ሲነጋ ዓሪፍ፣ መምህር ተወልደብርሃንና እኔ ሄድን። እኔ የሄድኩት ፓይለቷ ስለሆንኩ ነው፤ ሌላ ምን አቅም አለኝ።

አዛዡ ክፍሉ ውስጥ የመምህሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ የኛኑ ማንጎ በጩቤ ይልጣል። ቻርቱ ከኋላው ግድግዳው ላይ አለ፣ የወታደሩ ቦታ ቀዳዳ ሆኖ። ተወልደብርሃን ቀድሞ በትግርኛ ተናገረ፤ ቻርቱን ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋት ካለ የኔ ነው ማለቱ እንደነበረ በኋላ ነገረን። አዛዡ እኛም እንድንሰማው በአማርኛ መለሰለት፤ አማርኛው ከእኔ ይጠራል።

"በእናትህ ቋንቋ ለእነሱ ልትለምነኝ መጣህ? አታፍርም?" አለው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቆመው። የሚያስተምርበት ክፍል ነው፣ ልጆቹን እንኳ እንዲያ አቁሟቸው አያውቅም።

ዓሪፍ ወደ ቻርቱ ጠቆመ። "ጌታዬ፣ ይህ የልጆች ማስተማሪያ ነው። ፊቱ ብቻ ነው እውነት፣ ሌላው የተቀጠለ ነው። ይህችን አብራሪ ይዩዋት፤ ያቻት፣ አጠገቤ ቆማለች። ልባሽ ጨርቅ ነው የምትሸጠው።"

አዛዡ ቻርቱን አየ፣ እኔን አየ። "አውሮፕላንሽን የት አቆምሽው?" አለኝ።

"አህያ እንኳ የለኝ" አልኩት።

ሳቀ። አብረውት ያሉት ታጣቂዎችም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ፍርሃት እንዲህ ያደርጋል። ዓሪፍ ድፍረት አገኘና ስለ ኡበይደላ፣ ስለ ዳኛው፣ አንገት እንዴት እንደሚገጠም፣ ጥላ እንዴት እንደሚወድቅ እንደ አስተማሪ አስረዳ። አዛዡ በጥሞና ሰማው። "ገባኝ። ውሸት ነው" አለ። ያ ረቢ፣ ተረፈ አልኩ በሆዴ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ዓሪፍ ግን ደስ ብሎት የእማ አሲያን ፎቶ ከደረቱ አወጣ። "እውነተኛው ደግሞ ይኸውልዎ። በሕፃንነቱ ልምሻ የያዘው ነው" አለ።

አዛዡ ፎቶውን ተቀብሎ ብዙ አየው። የማንጎ ውሃ ጠርዙን አበሰበሰው።

"ይህንንስ ማን ሠራው?"

"እኔ ነኝ ያነሳሁት።"

"በዚያው ኮምፒውተር?"

"አዎ፣ ጌታዬ።"

"ይህችን ሴትዮ ፓይለት ያደረገ እጅ፣ አንድ ሰው ብብት ሥር ምርኩዝ መትከል ያቅተዋል?"

ዓሪፍ ፊቱን ወደ ደጁ መለሰ። "ልጁ ራሱ እዚህ አለ፣ እግሩን ገልጠው ይዩት" አለ።

"አይቼዋለሁ። ጥይት የመታውም እግር ይቀጥናል" አለና ፎቶውን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። የማንጎውን ፍሬ በመስኮት ወረወረ። እግሩን ያስተዋለ ሰው ይህን አይልም። ያ ሰው መጀመሪያውኑ የቆረጠ ነው፤ በኛ ግን ተጫወተብን፣ ማንጎውን ሲጨርስ ጨዋታውንም ጨረሰ። እስከ ዛሬ ሳስበው ጥርሴን ያፋጨኛል።

ስንወጣ ሲራጅን በአጠገባችን ወደ ወንዙ ሲወስዱት አገኘነው። ምርኩዙን ነጥቀውት ሁለት ታጣቂዎች በክንዱ ይጎትቱታል። ዓሪፍን ሲያይ ፈገግ አለ።

"ምነው ፊት ቆራጩ፣ ትንሽ ብታበላሸው ኖሮ" አለው። "አሳምረህ ነው እኮ ያስገደልከኝ።"

ቀልዱን ነበር። ዓሪፍ ግን ቀልድ መስማት ያን ቀን ተወ። ተኩሱን የሰማነው መናኸሪያው ጋ ሳንደርስ ነው። በማግስቱ ውኃ ስቀዳ ምርኩዙን ከታጣቂዎቹ ድስት ሥር ሲነድ አየሁት።

በታኅሣሥ ለቀው ሲሄዱ ሰው ወንዝ ለወንዝ ሬሳ መፈለግ ጀመረ። እማ አሲያ የማይቆፍሩበት ቦታ አልነበረም። የማንንም ጉድጓድ ሲከፍቱ ቀድመው ይደርሳሉ። "አጥንትም ቢሆን አውቀዋለሁ፣ እግሩ ቀጭን ነው" ይላሉ። ከወንዙ ዳር ብዙ ሰው ተገኘ፤ ቀጭን እግር ያለው አልተገኘም። ያገኙትን ሁሉ፣ ሚሊሻውንም፣ እረኛውንም፣ ወልድያ ሆስፒታል ድረስ ሄደው ዘበኛውንም "የት ጣሉት?" ብለው ጠየቁ።

ተወልደብርሃንን ደግሞ የኛዎቹ ወሰዱት። አልሸፋፍንም፣ የኛዎቹ ናቸው። ከአዛዡ ጋር በትግርኛ ሲያወራ ታይቷል ተባለ። ለሲራጅ ሊለምን ነው ያወራው፣ አብሬው ነበርኩ ብዬ መኪናው ፊት ቆሜ ጮህኩ። አንዱ ጎረምሳ፣ ልብስ የሸጥኩለት ልጅ፣ "ፓይለቷ፣ ዞር በይ" አለኝና ሳቁብኝ። ልክ እንደነዚያኞቹ ነበር የሳቁት። እጁን የፊጥኝ ታስሮ ሲጫን ፊደል ያስቆጠራቸው ልጆች መንገድ ዳር ቆመው ያያሉ። ከዚያ ወዲህ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ትምህርት ሲከፈት ወረዳው የተቃጠለው መርጃ ሥዕል እንደገና ይሠራ አለ። ዓሪፍ ከአጎቱ ልጅ ላፕቶፕ ተውሶ ፎቶ ቤቱን ከፈተ፤ የሚሠራው ግን ማንጎ፣ ግመል፣ ጭልፋ ብቻ ሆነ። ሰው አላደርግም አለ። ቢለምኑትም ቢቆጡትም አልሰማም።

አንድ ጠዋት እማ አሲያ ጥቅል ወረቀት ታቅፈው ገቡ። የመጀመሪያው ቻርት ሌላ ቅጂ ግራና በምትባለው የጎረቤት ከተማ ትምህርት ቤት ተሰቅሎ ኖሮ፣ ታጣቂዎቹ ሳያዩት ተርፎ ኖሮ፣ ለምነው አምጥተውት ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። እኔ ሐዘን ላይ እንዳለ ሰው እጄን አፌ ላይ አድርጌ በሩ ላይ ቆምኩ። ሲራጅ መለዮውን ለብሶ፣ በሁለት ደህና እግሮቹ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

"ዓሪፍ ልጄ" አሉት፣ "ፎቶዬን ያ ሰውዬ በኪሱ ይዞት ሄደ። የልጄ መልክ የቀረኝ ይኸው ነው። ይህን ልብስ አውልቅልኝ።"

ዓሪፍ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ሳብ አደረገ።

"እግሩንም መልስልኝ። ያችን ቀጭን እግሩን። አንተ ታውቅበታለህ።"

"እማ አሲያ፣ ከአንገት በታች ያለው እኮ እሱ አይደለም።"

"አውቃለሁ። የሱን አምጣልኛ።"

"የለም። የሌላ ሰው አካል ልግጠምልዎ፣ ሸሚዝ የለበሰ፣ ምርኩዝ አስይዤ፤ የሱን አስመስዬ..."

"የሰው አካል ምን ያደርግልኛል? የሱ የታለ?"

"ያን ጊዜ ስቆርጠው" አለ ዓሪፍ፣ "የተረፈውን ጣልኩት።"

እማ አሲያ ጣታቸውን ቻርቱ ላይ፣ የሲራጅ አንገት ከባዳው አካል ጋር የተጋጠመበት ላይ አሳረፉ። ስፌቱ አይታይም፤ ዓሪፍ ሥራ ያውቃል። ቀና ብለው፣ እረኛውንና የሆስፒታሉን ዘበኛ በጠየቁበት በዚያው ድምፅ፣

"የት ጣልከው?" አሉት።