ጋሼ የሰረዟቸው ሁለት ዐረፍተ ነገሮች

ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ፉሪ ውስጥ፣ ከአንድ እድር ቤት ደጃፍ ተያዝኩ። የእድሩ ጸሐፊ የሆኑ አንድ ሽማግሌም አብረውኝ ተያዙ። እኔ ጋዜጠኛ ነኝ። የሄድኩት ቤታችሁ ይፈርሳል የተባሉ ነዋሪዎች የጠሩትን ስብሰባ ለመዘገብ ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ስንደርስ ስልኬን፣ ማስታወሻ ደብተሬንና ቀበቶዬን ተቀበሉኝ፤ የሽማግሌውን መነጽርም ወሰዱ። ሁለታችንንም አንድ ክፍል አስገቡን።

ክፍሉ ወርዱ አራት፣ ርዝመቱ አምስት እርምጃ ነው። አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩበት። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ተቀብቷል። ከጣሪያው ሥር ባለችው ጠባብ መስኮት “ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ” የሚል የሚኒባስ ረዳቶች ጥሪ ይገባል። እርጥብ ፍራሽና በርበሬ ይሸታል።

የክፍሉን ሥርዓት የሚያስከብረው እስረኛ፣ ካቦው፣ ውጭ ሳለ በያጅ ነበር። ሽማግሌውን ከግድግዳው ጥግ አስቀመጣቸው።

“አባባ፣ በምን ገቡ?”

“በጸሐፊነት።”

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ያኔ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ጋሼ አልኳቸው፤ እስከ ዛሬም የምጠራቸው እንደዚያው ነው።

በማግስቱ ከሻይና ዳቦ በኋላ ስለ ሥራቸው ጠየቅኳቸው። ሌላ የሚሠራ ስላልነበረ ሁሉም ሰማ።

የተወለዱት ጎሬ ነው። አባታቸው ገበያ ዳር ልብስ ይሰፉ ነበር፤ እሳቸውም ከልጅነታቸው ጀምረው ሰፍተዋል። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የሣር ሜዳ ላይ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ሲያርፍ ግን መርፌያቸውን ሰክተው ይሮጣሉ። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው አዲስ አበባ መጥተው የአውሮፕላን ጥገና ትምህርት ቤት ተፈተኑ። ፈታኙ የውጭ አገር ሰው ነበር። “በእጅህ ምን ትሠራለህ?” አላቸው። “እሰፋለሁ” አሉ። አብረዋቸው የተሰለፉት ሳቁባቸው።

“አላወቁማ፤” አሉን ጋሼ። “የዚያን ጊዜው አውሮፕላን የጭራው ተንቀሳቃሽ ክፍል በጨርቅ ነው የሚሸፈነው። ጨርቁ ደግሞ በእጅ ይሰፋል፤ ሰም በነካ ክር፣ እያንዳንዱ ስፌት ለብቻው ተቋጥሮ። አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዳይተረተር።”

በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጭራ ሰፍተው ጨረሱ። አለቃቸው ስፌቱን በጣቱ ሳብ ሳብ አድርጎ አየና ወረቀት አቀረበላቸው፦ ፈርም። እንደፈረሙ፣ “በል ግባ” አላቸው። በዚያ የጥገና ክፍል ልማዱ እንደዚያ ነበር። አውሮፕላን ተጠግኖ ለሙከራ ሲነሣ ሥራውን የፈረመው ሰው አብሮ ይሳፈራል።

“አውሮፕላን ላይ መጀመሪያ የወጣሁት ያን ጊዜ ነው፤ ራሴ በሰፋሁት ጭራ። ዓይኔን ከኋላ አልነቀልኩም።”

ከዚያ የጨርቁ ዘመን አለፈ፤ ጄቱ መጣ። ሞተር ተማሩ፤ ውጭ አገር ሁለት ጊዜ ለሥልጠና ተላኩ፤ መሐንዲስ ተባሉ። አርባ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጡ። ላፍቶ ገና የጤፍ እርሻ ሳለ ፉሪ ላይ ቤት ሠርተው አራት ልጆች አሳደጉ። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ ጉራ አልነበረም፤ እርካታ ግን ነበር።

“ኢንጂነር፣” አለ አንድ የታክሲ ረዳት፣ “ያን ሁሉ ዓመት ሲጠግኑ አንዷን ለራስዎ ማስቀረት አቃተዎት?”

“የት ላቆማት? ፉሪ ለአንተ ሚኒባስ እንኳ ማቆሚያ የለም።”

አንድ የሚያሳስባቸው ነገር ነበር። ባለቤታቸው የዓይን ቀዶ ሕክምና ካደረጉ በአራተኛው ቀን ነው እኛ የተያዝነው። የዓይን ጠብታውን በቀን አራት ጊዜ የሚያደርጉላቸው ጋሼ ነበሩ። “ሌላ ሰው ሲነካት ዓይኗን ትጨፍናለች” አሉኝ።

ሐሙስ ጠዋት ፀሐይ ልንሞቅ ወጣን። መርማሪው ግቢው ውስጥ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ጠረጴዛ አስወጥቶ ጋሼን ጠራቸው። እኔ ከአምስት እርምጃ በማይበልጥ ርቀት ላይ ተቀምጬ ነበር። የሚከተለውን በዓይኔ አይቼ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

“አባት፣ እዚህች ላይ ይፈርሙና ለምሳ ቤትዎ ይደርሳሉ” አላቸው መርማሪው። ወጣት ነው፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

“መነጽሬ የለኝም።”

“እኔ ላንብብልዎት።”

“አይ ልጄ፣ ሳላነብ ፈርሜ አላውቅም።”

መነጽሩ እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ተጠበቀ። ጋሼ ወረቀቱን ጮክ ብለው አነበቡት፤ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ነበሩበት። ነዋሪዎቹ ማክሰኞ ዕለት ተሰብስበዋል ይላል አንደኛው። ጋዜጠኛው ሕዝቡን “ድንጋይ አንሡ” ሲል ሰምቻለሁ፤ ጋዜጠኛው ወረቀት ሲበትን አይቻለሁ ይላሉ ሌሎቹ። ጋዜጠኛው እኔ ነኝ። ጋሼ ቢፈርሙ ወደ ባለቤታቸው ይሄዳሉ፤ እኔ ደግሞ በሁከት ማነሣሣት እከሰሳለሁ። ቀና ብለው አላዩኝም። 

እስክሪብቶውን አነሡ። በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀጭን መስመር አሰመሩ። ጎኑ ላይ ፈረሙ፤ ሰዓቱንም ጻፉ። ሦስተኛውንም እንደዚያው አደረጉ።

“ምን እያደረጉ ነው? ሰነድ እኮ ነው!”

“ሰነድ ስለሆነ ነው። ስህተት በእኛ ሙያ አይፋቅም፤ እንዲነበብ ሆኖ ይሰረዛል። የሰረዘው ሰውም ይፈርማል።”

ከሥር በራሳቸው ጽሑፍ ሦስት መስመር ጨመሩ፤ እየጻፉም ጮክ ብለው አነበቡ። “ጋዜጠኛው ሲጽፍ አይቻለሁ። ንግግር ሲያደርግ አልሰማሁም። አንድ ጊዜ ውኃ ጠይቆኝ ሰጥቼዋለሁ።” ፈርመው ወረቀቱን ወደ መርማሪው ገፋ አደረጉት።

“አባት፣ እንዲህ ከሆነ እኮ እዚሁ መክረምዎ ነው።”

“የፈረምኩበት ነገር ላይ የምሳፈረው እኔ ነኝ ልጄ። በዚያኛው መሳፈር አልችልም።”

መርማሪው ወረቀቱን አነሣው። አልቀደደውም። ፋይሉ ውስጥ አስገባው።

ክፍሉ ስንመለስ ካቦው “ኢንጂነር፣ ምሳው ቀረ አይደል?” አላቸው። “ቀረ። የእናንተ ምስር ይሻላል” አሉና ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ ረዳቱ ሲፈታ ግን እጁን ይዘው በር ድረስ ሸኙት። ጎረቤታቸውን አግኝቶ እንዲነግርላቸው የጠብታውን አራት ሰዓቶች ሁለት ጊዜ አስደገሙት። “በሳል ልጅ ነህ፣ አትርሳ” አሉት። 

በሳምንቱ ፍርድ ቤት ስንቀርብ ወረቀቱ ከመዝገቡ ጋር ተያይዞ ነበር። ዳኛዋ አነበቡት፤ የተሰረዘውንም ጭምር። ሌላ ማስረጃ እንዳለ ጠየቁ። አልነበረም። እኔ እንድለቀቅ አዘዙ፤ በጋሼ ጉዳይ ግን ፖሊስ ተጨማሪ ቀን ጠየቀ።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል። ያን ክፍል ሳስታውስ ፍርሃቴን ብዙም አላስታውስም፤ ቀድሞ የሚመጣልኝ ሽማግሌው ስለ ጎሬ ሲያወሩ የነበረን ሳቅ ነው። በበዓል ቀን ቤታቸው እሄዳለሁ። ባለቤታቸው አሁን በር ላይ የቆመን ሰው ለይተው ያውቃሉ። ይህን ጽሑፍ እንዳወጣ ጋሼ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸው እንዳይጠቀስ ግን ለምነውኛል።

እኔ የተፈታሁት ፍርድ ቤት በቀረብንበት ሳምንት፣ ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። እሳቸው የተፈቱት በሚቀጥለው ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው።