ለደሴቷ የመለስኩት ምልክት

ያን ቀን ነጠላዬን ባላነሣ ኖሮ ሌላ ጀልባ ይጠሩ ነበር? እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

የእህቴ ባል ፊንጫ ሐይቅ ላይ ሞተር ያላት ጀልባ ነበረችው። ግድቡ ሲሞላ ሜዳው ሰጥሞ ኮረብቶቹ ደሴት ሆነው ቀርተዋል፤ ሰው ይኖርባቸዋል። በሥራ ቀን በጀልባዋ እህልና ገበያተኛ ያመላልስ ነበር። ያን እሑድ እኔ ከነቀምቴ ልጠይቃቸው ሄጄ ስለነበር፣ ከአምልኮ በኋላ ከእህቴ ጋር ደሴቶቹን ሊያዞረን ተነሣ። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ዓመቴ ነውና ያለ መጽሐፍ አልንቀሳቀስም። የእህቴ ባል ወደ መጽሐፌ እያመለከተ "ኦቦሌቲ፣ እሱ ዋና ይችላል?" ብሎ ሳቀብኝ። ኦቦሌቲ በኦሮምኛ እህቴ ማለት ነው።

ሦስተኛዋን ደሴት ስናልፍ እሱ ሞተሩ ላይ አጎንብሷል፤ እህቴ ጀርባዋን ሰጥታለች። ዳር ላይ አንዲት ሴት ነጭ ጨርቅ በእንጨት ሰቅላ ቆማለች። ሰላምታ መሰለኝ። ሰላም ላለኝ ሰው ዝም ማለት ስለማልወድ ነጠላዬን ከትከሻዬ አንሥቼ አውለበለብኩላት። ጨርቁን አውርዳ ወደ ቤቶቹ ሮጠች። እኔም ወደ ንባቤ ተመለስኩ።

ቀጥሎ የወረድንበት ደሴት ላይ፣ አንዲት አሮጊት ደጃፍ ጨርቅ የታሰረበት እንጨት ተደግፎ አየሁና ምንድነው ብዬ ጠየቅኳት። የታመመ ሰው ሲኖር ጀልባ የሚጠሩበት ነው አለችኝ። ከጀልባው ጨርቅ ከተነሣ መጣሁ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ አይጠሩም።

አንዲት ሴት ጨርቅ ሰቅላ እንዳየሁ ለእህቴ ባል ነገርኩት። ነጠላ አንሥቼ መልስ መስጠቴን ግን ዋጥኩት። ነፋሱ ተነሥቶ ነበር፤ ወደዚያች ደሴት ሊመለስ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ማዕበሉ መለሰው። እዚያው አደርን።

ማለዳ እዚያ ስንደርስ፣ ጀልባ የተጠራላት ምጥ የያዛት ሴት ተርፋለች፤ ሕፃኑ ግን ሞቷል። የደሴቷ ሰዎች፣ ጀልባህ በጨርቅ መልሳልን ስንጠብቅህ አደርን አሉት። እሱ ወደ እኛ ዞረ።

"ከእኛ ማንም ጨርቅ አላነሣም አይደል?"

እህቴ ማንም አለች። እኔ ውሃውን አየሁ።

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። የእህቴ ባል ጨርቅ አላነሣንም ብሎ በልጆቹ ሕይወት ማለ። ማንም አላመነውም፤ ከዚያች ደሴት አንድ ሰው እንኳ ጀልባዋ ላይ አልወጣም፤ ወሬው ወደ ሌሎቹም ደረሰ። ጀልባዋን ሸጠና ነቀምቴ መጥቶ ባጃጅ ይነዳ ጀመር። ቤቴ በመጣ ቁጥር፣ ባላደረግኩት ውሸታም አሉኝ እያለ ያወራል። እኔ እሰማለሁ። ልናገር አፌን እከፍትና ሌላ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ነዳጅ ተገኘ ወይ።

ባለፈው ክረምት ዝናብ ይዞኝ ሳለ፣ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው የነቀምቴ ሰፈር መንገድ ላይ አገኘኝና በባጃጁ አሳፈረኝ። ሁለታችን ብቻ ነበርን። ያን ቀን ነጠላ ያነሣሁት እኔ ነኝ አልኩት። ዳር ይዞ ቆመ። ትርጉሙን ታውቂ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ አላውቅም፣ ሰዓት ሳይሞላ ግን አውቄያለሁ አልኩ።

ሞተሩን አጠፋ።

"በልጆቼ ምያለሁ እኮ" አለ። "እዚያው ቆመሽ።"

ሞተሩን አስነሥቶ እስከ በሬ አደረሰኝ። ስወርድ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ደሴቷ ድረስ ሄጄ ለሰዎቹ እውነቱን የምነግራቸው መቼ እንደሆነ ብቻ ጠየቀኝ።