ያልለካሁት ክንድ

ይህን ባለቤቴ እንኳን ሳትሰማው ነው አፈር የለበሰችው። የመጀመሪያው ሰሚ እርስዎ ነዎት።

በደርግ ጊዜ፣ ረሃቡ ወሎን በጨረሰበት ዓመት፣ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ በተተከለ መጠለያ ተቀጠርኩ። የደሴ፣ የሆጤ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ ትምህርት ከጨረስኩ ገና መንፈቅ አልሞላኝም ነበር። ሥራዬ በር ላይ ቆሜ አልሚ ምግብ የሚሰጣቸውን ሕፃናት መለየት ነበር። ምግቡ ለሁሉም አይበቃም። ነርሷ ሲስተር አልማዝ የክንድ መለኪያ ጥብጣብ ሰጥታኝ፣ "እያንዳንዱን ልጅ ለካ፤ ክንዱ ቀጥኖ ቀዩ ምልክት ላይ ካረፈ አስገባ። በዓይንህ እንዳትፈርድ" አለችኝ።

በዓይኔ ፈረድኩ። ሰልፉ አያልቅም፣ ፀሐዩ ይፋጃል፤ ብዙ ከማየቴ የተነሳ ያወቅሁ መሰለኝ። ጥብጣቡን ኪሴ ከተትኩት። ማን ነኝ ብዬ ነው?

አንድ ቀን ዘይነባ የምትባል እናት ከገራዶ በኩል ልጇን ፋጡማን አዝላ መጣች። የልጅቷ ፊት ሞላ ያለ ነው። አታለቅስም፤ ዝም ብላ ታየኛለች።

"እህቴ፣ ልጅሽ ደህና ናት። ለባሰበት ልቀቂ" አልኳት።

"ወላሂ ደህና አይደለችም! ክንዷን ብቻ ለካልኝ፣ ወንድሜ።"

አልለካሁም። ለመንካት እንኳን አልፈለግሁም። አልለካሁም!

ከቀናት በኋላ ተመለሱ። ሲስተር አልማዝ ለካቻት፤ ክንዷ ከቀዩም ወርዷል። የፊቷ ሙላት የረሃብ እብጠት ኖሯል። ከሰዓት በኋላ ሞተች።

በማግስቱ ሲስተር ያስገባኋቸውንም፣ መልሻቸው አጥሩ ሥር የቀሩትንም ሁሉ አስለካችኝ። ልኩን ጎን ለጎን ስናስተያይ፣ ካስገባኋቸው ብዙዎቹ ጮኸው የሚያለቅሱት ናቸው፤ ከመለስኳቸው ብዙዎቹ ለማልቀስ አቅም ያጡት።

"ለቅሶ ስትመርጥ ነው የከረምከው" አለችኝ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ይህም አይደለም። ልጅቷ የሞተች ዕለት አመሻሽ ላይ፣ ከቀብር ስንመለስ ዘይነባ፣ "ያን ቀን ለክተሃት ቢሆን ትተርፍልኝ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። ግን "የአላህ ውሳኔ ነው" አልኳት።

አመነችኝ። "አልሐምዱሊላህ" ብላ እንባዋን ጠረገች፤ ስለደከምክልን አላህ ዕድሜ ይስጥህ ብላ መረቀችኝ። እኔም አሚን አልኩ። የገዛ ጥፋቴን በአላህ አላክኬ፣ አሚን አልኩ!

ቆይቼ እውነቱን ልነግራት ደሴም ኮምቦልቻም ፈለግኋት። አላገኘኋትም። ያልለካሁት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። እርስዎን ይቅር ይበሉኝ አልልም። የሞተችው የእርስዎ ልጅ አይደለችም።