የዓርብ ወተት

ዛሬ ጠዋት የስፌት መኪናውን ዘይት ሳጠጣው ሽታው የስምንት ዓመት ልጅ አደረገኝ። የካቶሊክ ሲስተሮች ደብረ ታቦር መጥተው ለሴት ልጆች ስፌት ማስተማር የጀመሩ ሰሞን ነው። እኔ ለመማር ስጓጓ እናቴ ግን፣ «ምናቸውን አውቄ ልጄን እሰጣለሁ?» ብላ ከለከለችኝ።

አንድ ዓርብ ጠዋት የታለበ ወተት በቅል ሞልታ፣ «አድርሺላቸው፤ ሲጠጡት ቆመሽ እዪ» አለችኝ።

በሩን የከፈቱልኝ ከአዲግራት የመጡት ሲስተር ነበሩ። እጃቸው የመኪና ዘይት ዘይት ይላል። ወተቱንም እኔንም አይተው ሳቁ።

«ዛሬ ዓርብ አይደል? እንጾማለን። ይርጋና ነገ እንበላዋለን። እናትሽ ብልህ ሴት ናቸው፤ ሰላም በይልኝ።»

ወተት መላክ ምኑ ብልሃት እንደሆነ አልገባኝም። ያሉትን ለእናቴ ስነግራት፣ «ሰኞ ትጀምሪያለሽ» አለችኝ።

ይኸው ዛሬ እዚያው ግቢ ስፌት አስተምራለሁ። ዘይቱን ከእጄ ሳልጠርግ በሩ ተንኳኳ። አንዲት የማላውቃት ልጅ ወተት ይዛ ቆማለች። ቀኑ ረቡዕ ነው።

«ይረጋል፤ ነገ እንበላዋለን» ብዬ ተቀበልኳት። «አንቺን ደግሞ ሰኞ እጠብቅሻለሁ።»