«እባካችሁ» ያለው ድምፅ

ቀዩ ኮረብታ ዛፍ አልነበረውም። ቆፍረን ይዘነው ነበር። የመቶው አዛዥ ታላቅ ወንድሜ ዮናስ ነው። እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል የዘመትኩ ተራ ወታደር ነበርኩ። በሰው ፊት «መቶ አለቃ» እለዋለሁ።

ዮናስ ወታደራዊ አካዳሚ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይማር ነበር። ዲግሪውን ሊይዝ ጥቂት ሲቀረው ግንባር ላኩት። የራዲዮ መገናኛ መጽሐፉን ምሽግ ውስጥ ያነባል። ወታደሮቹ ይቀልዱበታል።

«መቶ አለቃ፣ ፈተናው መቼ ነው?»

«አሁን ነው፤ አንገትህን ዝቅ አድርግ።»

አንድ ነገር ደጋግሞ ያስተምረን ነበር። ያልተረጋገጠ መልእክት አይታመንም።

ሻለቃችን በራዲዮ ሲያዙን ሳይሳደቡ አያውቁም። «እናንተ የገለባ ክምር፣ ተነሱ!» ነው ሰላምታቸው። ለምደነው ነበር። ስድቡን ስንሰማ ደኅና መሆናቸውን እናውቃለን።

አንድ ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ራዲዮው ተናገረ። የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው። ድምፁ የሻለቃውን ይመስላል፤ ግን ዝግ ያለ ነው።

«እባካችሁ፣ ኮረብታውን ልቀቁ። ወደ ወንዙ ውረዱ።»

ዮናስ አየኝ። «እባካችሁ አሉ?»

«ብለዋል፣ መቶ አለቃ።»

«እሳቸው አይደሉም። ጠላት መስመራችን ውስጥ ገብቷል።»

እንዲያረጋግጡ ጠየቀ። ዝም። ደግሞ ጠየቀ። ዝም።

«አንወርድም» አለ። አልወረድንም።

ወዲያው ሞርታር ኮረብታው ላይ ወረደ። እስከ ቀትር አላቆመም። ዮናስ ከምሽጉ አልወጣም። ከሰዓት በኋላ ሌላ ጦር ደርሶ የተረፍነውን አወጣን። ወንዙ ዳር ማን እንደነበረ አላየንም። ሻለቃው ያን ቀን ቆስለዋል ተባለ። መቼ? የሚነግረን አላገኘንም። ቆስለው ከተናገሩ ድምፃቸው ዝግ ማለቱ አይገርምም። ከዚያ ወዲህ ይህ ሐሳብ አልተወኝም።

አሁን ውጭ አገር፣ አውሮራ በምትባል ከተማ እህቴ ቤት ነኝ። ጎረቤት ከተማ ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ልጇ ናታን ሃይስኩል ሊጨርስ ነው። እሱም ወታደራዊ አካዳሚ ገብቶ ሳይንስና ቴክኖሎጂ መማር ይፈልጋል።

እህቴ «ወንድሜን ያ ትምህርት ነው የገደለው» ትላለች።

«ኖ ማሚ፣ የተረፉትን ያዳናቸው እሱ ነው» ይላል ናታን።

ከዚያ ሁለቱም እኔን ያያሉ።

ሻለቃው እዚሁ ቅርብ፣ ግሌንዴል ከተማ ልጃቸው ዘንድ መጥተዋል ሲባል ሰማሁ። ቅዳሜ ናታን በመኪናው ወሰደኝ። ፓርክ አድርጎ ሊጠብቀኝ ቀረ።

ሸምግለዋል። አንድ እጃቸው አይታዘዝም። ሻይ አቀረቡልኝ።

«ሻለቃ፣ ያን ጠዋት ‹ውረዱ› ያሉን እርስዎ ነበሩ?»

ስኳሩን በደኅናው እጃቸው ወደ እኔ ገፉ።

«እኔ አልነበርኩም፣ ልጄ። የእኔ ራዲዮ ጎህ ሳይቀድ ተመትቷል። ወንድምህ ልክ ነበር።»

«እርስዎስ የቆሰሉት መቼ ነው?»

«እባክህ፣ ሻይህ ይቀዘቅዛል» አሉኝ።

ሰው ሲያረጅ ይለሰልስ ይሆናል። አላውቅም። ሻዩን ጠጥቼ ተነሣሁ።

መኪናው ውስጥ ናታን ሞተሩን አላስነሣም።

«አጎቴ፣ ምን አሉህ?»

«ልክ ነበር አሉ።»

ታሪኩን ከእኔ ሰምቶ ያውቀዋል። ትንሽ አሰበና ጠየቀኝ።

«ሰደቡህ?»

«አልሰደቡኝም።»

ሞተሩን አስነሥቶ ወደ አውሮራ ነዳ።

ከኮረብታው ስድስት ሰው አውርደን ቀበርን። አንዱ ወንድሜ ነው። ወደ ወንዙ ወርደን ቢሆን ስንት እንቀብር እንደነበር ግን አልቆጥርም፤ መቁጠር የሚችለው ሰው «ሻይህ ይቀዘቅዛል» ብሎኛል።