ከታችኛው መደብ የተነቀለ ቀይ ሥር

ካቻቢቴ የሚለውን ስም ያወጡለት አብረውት የሠሩ መካኒኮች ናቸው። ቀጭንና ረጅም ነው፤ ባልተጠራበት ነገር ውስጥ ሁሉ ጫፉን ይሰካል፤ ስሙም ተጣብቆበት ቀረ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የከባድ መኪና ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ፣ ወገቡ አልታዘዝ ሲለው ጋራዡን ዘጋና ከሴት ልጁና ከባሏ ጋር እዚያው ግቢ ውስጥ ተቀመጠ። ቤቱ የእሱ ነው። ይህንንም በቀን አንዴ ሳያስታውሳቸው አይውልም።

አማቹ የአንድ ጅምላ አከፋፋይ መጋዘን ኃላፊ ነው። ሩዙ፣ ፓስታው፣ ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ዱቄቱ ከመኪና ሲራገፍ ቆሞ የሚረከበው እሱ ነው። ሁለቱ ወንዶች ውሃ ቀጠነ ብለው ሲጣሉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። አንዱ በሩን ጠንከር አድርጎ ከዘጋ፣ ሌላው ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። ልጅቷ መሐል ላይ ሆና ሁለቱንም መገላገል ከተወች ቆይታለች።

ልጅቷ የኬሚስትሪ መምህርት ናት። አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ ለተማሪዎቿ ስለ ሰጠችው የቤት ሥራ አነሳች። አንድ ሳምንት ሙሉ በአካባቢያቸው የበቀለውን ብቻ በልተው፣ ያዩትን እንዲጽፉ ነው ያዘዘቻቸው። አካባቢ ማለት በእግር ሄደው በዚያው ቀን የሚመለሱበት ቦታ ነው። አማቹ ሳቀ። ይህ ከተማ የሚኖረው በጭነት መኪና ነው፣ መኪናው ሳምንት ቢቀር እርስ በርሳችን እንበላላ ነበር አለ። ከዚያ ዓይኑን ወደ አማቱ መለሰ።

«አባባ ለምሳሌ አንድ ቀን አይችሉም። ሻይ ከቀረብዎት እኮ እስከ ረፋድ ማን እንደሆኑም አያውቁትም።»

ካቻቢቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ሳምንቱን እጨርሳለሁ» አለ። «ከጨረስኩ በኋላ ግን በዚህ ጠረጴዛ ላይ ድምፅህን መስማት አልፈልግም።»

ልጁ ተዉ ብትል ማን ሰምቷት። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ።

ሰኞ ጠዋት ሻይ የለም፣ ስኳር የለም፣ ዳቦ የለም። አማቹ ሥራ ከመሄዱ በፊት ጓዳ ገብቶ ከረጢቱንና ጣሳውን አንድ በአንድ እያነሣ፣ የት እንደተመረተ የተጻፈበትን ጮክ ብሎ አነበበ። ጨውም ሳይቀር ከሩቅ የመጣ ሆኖ ተገኘ። ካቻቢቴ ጨውም ይቅር አለና ውሃ ጠጥቶ ወጣ።

ገበያው ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዞረ ጠየቀ። ድንቹ ከየት ነው? በመኪና የመጣ ነው። ጎመኑስ? ማታ የተራገፈ ነው። ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት ሦስቴ ሲያመላልሳት ጊዜ ምርር አላት። «አንተ ሰውዬ፣ የምትፈልገው ሽንኩርት ነው ወይስ የልደት ሠርተፊኬቱን?» ስትለው ዙሪያዋ ያሉት ሁሉ ሳቁበት። በመጨረሻ አንዷ፣ ነገሩን አውቃ ይሁን ሳታውቅ፣ በዚህ ሰፈር መሬት ቆፍሮ የሚበላ ነገር የሚያወጣ ነርሷ ብቻ ናት፣ ደግሞ ጎረቤትህ አይደለችም እንዴ አለችው። አውቃ ነው። የካቻቢቴንና የነርሷን ጠብ የማያውቅ በዚያ ገበያ አልነበረም።

ነርሷ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። ግቢያቸውን የሚለየው አንድ ግንብ ነው፤ የካቻቢቴ ጋራዥ ከግንቡ በላይ፣ የእሷ ጓሮ ከግንቡ በታች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በክረምት፣ ከግንቡ ሥር ያለው የአትክልት መደቧ በአንድ ወር ውስጥ ቢጫ ሆኖ ደረቀ። አፈሩ ጠቆረ፤ ሲቆፍሩት የመኪና ሽታ ሸተተ። መጥታ ጮኸችበት። ካደ። ከማዘጋጃ ቤት መርማሪ አመጣች፤ ካቻቢቴም የተቃጠለ ዘይት የሚያጠራቅምበትን በርሜል አሳየው። ያኔ ኮሌጅ ትማር የነበረችው ልጁም አጠገቡ ቆማ፣ አባቷ ዘይቱን በዚያ በርሜል እንጂ ሌላ ቦታ እንደማያፈስ ተናገረች። መርማሪው ጽፎ ፈርሞ ሄደ።

በርሜሉ ግን ጋራዥ ውስጥ የገባው በዚያው ጠዋት ነበር። ካቻቢቴ ለዓመታት ዘይቱን ሲደፋ የኖረው ከግንቡ ሥር በቆፈረው ጉድጓድ ነው። ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ሚስቱ እንኳ ሳታውቀው ሞተች። በቀብሯ ቀን ነርሷ መጥታ እጇን ስትዘረጋለት፣ ሳይጨብጣት ፊቱን ወደ ሌላ ሰው አዞረ። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ሲተላለፉ የጎሪጥ ከመተያየት በቀር የእግዜር ሰላምታ የላቸውም።

ሰኞን በውሃ ዋለ። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ራሱ ሲዞርበት፣ አማቹ ማታ እንዴት እንደሚስቅ እያሰበ የነርሷን በር አንኳኳ።

በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተች፤ ግባ አላለችውም። አጭርና ደልዳላ ሴት ናት፤ እጇ ላይ አፈር ነበረባት። የመጣበትን ነገራት። ልመና እንዳይመስልበት ድምፁን አወፍሮ፣ ድንችና አትክልት እንድትሸጥለት፣ የጠየቀችውን እንደሚከፍል ተናገረ።

«ገንዘብህን አልፈልግም» አለች። «አንድ ነገር በልልኝና የፈለግከውን ውሰድ። ዘይቱን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ በል።»

«ያልሠራሁትን አልልም።»

«አላፈሰስክም?»

«አላፈሰስኩም አልኩሽ። ማስረጃ ካለሽ ፍርድ ቤቱ ያውልሽ።»

በሩን ገፋ አድርጋ ወደ ጓሮ ሄደች። ሲጠብቅ ቆየ። ስትመለስ በፌስታል ሙሉ ቀይ ሥርና ድንች ይዛ ነበር፤ አፈሩ እንኳ አልተራገፈለትም። ሰጠችውና በሩን ዘጋችው።

ካቻቢቴ ያሸነፈ መሰለው። ዘጠኝ ዓመት የጮኸች ሴት አፏን ይዛ፣ ያውም በነፃ መገበችው። ድንቹ ጠጠር ያህላል፤ ቀይ ሥሩም እንደ አሮጊት እጅ የተቆለመመ ነው። ግን የተራበ ሰው ምርጫ የለውም፤ ቀቅሎ ያለ ጨው በላው። ምላሱ ላይ አንድ የሚመር ነገር ቀረ። ጨው ስላልገባበት ነው አለ። ከየትኛው መደብ እንደነቀለችው አልጠየቀም። ሊጠይቅ ይችል ነበር።

ረቡዕ ማታ አማቹ ሆን ብሎ ካቻቢቴ ፊት ዓሣ እየጠበሰ ያፏጭ ነበር። ካቻቢቴ ሳህኑን ይዞ ወደ ክፍሉ ሲሄድ ልጁ አየችው። ጉንጩ ገብቷል፤ ሱሪው በቀበቶ ነው የቆመው። ምን እንደነካት እንጃ፣ ባሏ የጠበሰውን ትታ አባቷ ክፍል ገባችና፣ አንድ ድንች ከሳህኑ አንሥታ በላች። ከነገ ጀምሮ እኔም እንዳንተ እበላለሁ አለችው፤ ለተማሪዎቼ ያዘዝኩትን እኔ ሳላደርገው አሳፈረኝ። ካቻቢቴ ከሚስቱ ሞት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም ነበር። ደስታውን ግን ለአማቹ ስድብ አደረገው፤ በሩን ከፍቶ «ሰማህ?» አለው። አማቹ ማድ ቤት ሳህኑን ማጠቢያው ውስጥ ሲወረውረው ሰሙ። ሐሙስ አባትና ልጅ የቀይ ሥር ሾርባ በሉ። ማታ ካቻቢቴን ሆዱን ቆረጠው፤ ለልጁ ግን አልነገራትም።

ዓርብ ፌስታሉ ባዶ ሆነ። አሁን ሲያንኳኳ እንደ ደንበኛ ነበር። ነርሷ ከፈተችለት።

«እንዴት ነው፣ ይጣፍጣል?» አለችው።

«አይከፋም። አትክልተኛ መሆንሽን አልክድም።»

«የትኛው መደብ ላይ እንደበቀለ ታውቃለህ? ከግንቡ ሥር ያለው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሣር እንኳ አላበቀለም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እዘራበታለሁ፣ መሬቱ ምን ላይ እንደደረሰ ለማየት። የወጣውን ነቅዬ ቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ እጥለዋለሁ። እኔ ከዚያ በልቼ አላውቅም።»

ካቻቢቴ ደሙ ፈላ። መርዝ አበላሽኝ አለ፤ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ አለ፤ የገደልሻቸውንም እናቶች እግዚአብሔር ይቁጠርልሽ እስከ ማለት ደረሰ። ሁሉንም አስጨርሳ ሰማችው።

«ምን መርዝ?» አለች ከዚያ። «አላፈሰስኩም አላልክም? ካላፈሰስክ መሬቱ ንጹሕ ነው። ጨምሬ ላምጣልህ?»

መልሱን አልጠበቀችም። ጨምራም አመጣችለት፤ ፌስታሉን እጁ ላይ አንጠለጠለችው። ለምን እንደያዘው ራሱም አላወቀም፤ ይዞት ቤቱ ገባና ማድ ቤት አስቀምጦት፣ አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ ተኛ። ነገ አንድ ቀን፣ ከነገ ወዲያ አንድ ቀን፣ ከዚያ ያልቃል እያለ ራሱን ያባብል ነበር። እሱ ይጾመዋል። ማንም ምንም ማወቅ የለበትም።

ቢላዋ ሲከትፍ ሰማ። ተነሥቶ ሲሄድ ልጁ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ቀይ ሥሩን ልጣ ድስት ውስጥ እየጨመረች ነው። አማቹ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል።

«ተዪው» አላት። «አትብዪው።»

ለምን አለችው። ተበላሽቷል አለ። አንድ ቁራጭ አንሥታ አየችውና ምንም አልሆነም አለች። ከዚያ ወደ አፏ ስትወስደው እጇን መታው። ቁራጩ አማቹ እግር ሥር ወደቀ። አማቹ ጋዜጣውን አጠፈ።

«ዘይቱን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ» አለ ካቻቢቴ። «ይሄ የበቀለው እዚያ ላይ ነው።»

አማቹ እንደሚስቅ እርግጠኛ ነበር። አልሳቀም፤ ሚስቱን ነበር የሚያያት። እሷ ጋዙን አጠፋች። ድስቱን አነሣችና ወደ ውጭ ልትደፋው ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ፣ የት እንደምትደፋው ግራ ገብቷት ቆመች። መልሳ አስቀመጠችው።

«የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ምን ምን እንዳለ የማስተምረው እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ያን ቀን ለመርማሪው፣ አባቴ አይዋሽም አልኩት። አጠገብህ ቆሜ። ሴትዮዋ ዓይኔን እያየችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ውሸታም እያልኩ ስሰድባት የኖርኩት እሷን ነው፣ አባዬ። ትናንት ደግሞ ሾርባውን ስጠጣ አላቆምከኝም።»

«ትናንት አላወቅሁም ነበር።»

«አልጠየቅክማ።»

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ ብቻዋን ነርሷ ቤት ሄደች። እሷም ከዚያ መደብ መብላቷን ስትነግራት የሴትዮዋ ፊት ተለወጠ፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አንቺ እንደምትበዪ አላወቅሁም፣ እሱ ብቻ ይበላዋል ብዬ ነው የሰጠሁት አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ግን አልችልም፣ አንቺም ያኔ የዋሸሽው ለእኔ ሳታስቢ ነው አለች። ልጅቷ የዋሸሁት ሳላውቅ ነው ለማለት ጀምራ ተወችው። ሐኪም ጋ ሄዳ እንድትታይ ነርሷ በወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠቻት፤ አብራት ግን አልሄደችም።

ካቻቢቴ ሳምንቱን አልጨረሰም። ቅዳሜ ቀትር ላይ ማንም ሳይጠይቀው ሻይ አፈላ፤ ስኳር ጨመረበት፤ በአማቹ ፊት ዳቦ በላ። አማቹ አንድ ቃል አልተናገረም። ቢናገር ይሻለው ነበር።

እሑድ አካፋና ዶማ ይዞ፣ የድሮ የሥራ ቱታውን ለብሶ፣ የነርሷን በር አንኳኳ።

«ምን ልትሠራ?»

«አፈሩን ላወጣው።»

«አውጥተህ የት ልትደፋው? ሌላ ጎረቤት ጓሮ?»

ይህን አላሰበበትም ነበር። እዚያው በሩ ላይ ቆሞ አሰበ። ጋራዥ ውስጥ ባዶ በርሜሎች አሉ፤ እነሱ ውስጥ አደርገዋለሁ፣ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ የሚወስዱበትን እጠይቃለሁ አለ። ማዘጋጃ ቤት ስትሄድ ለምን እንደሆነ ትነግራቸዋለህ አለችው። እነግራቸዋለሁ አለ። ከበሩ ገለል አለችለት። እሱ ወደ ጓሮ ሲያልፍ እሷ ቤቷ ገባች፤ ቁልፉ ከውስጥ ሲዞር ሰማው።

ሁለት ሳምንት ቆፈረ። ወገቡ በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ አይፈቅድለትም። ውሃውን ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ እሷ አትሰጠውም፣ እሱም አይጠይቃትም። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ተናገረ፤ የሚቀጣውን ቅጣት በደብዳቤ እንደሚያሳውቁት ነገሩት። ግቢው ውስጥ አሥራ አንድ በርሜል ጥቁር አፈር ተደረደረ፤ አማቹ መኪናውን የሚያቆምበት አጥቶ መንገድ ላይ ያቆማል፤ በየጠዋቱም ከመኪናው መስኮት አቧራ እያራገፈ ይነጫነጫል። የልጁ የሐኪም ቤት ውጤት ደህና ነው ተብሏል፤ ያንንም የነገረችው ለባሏ ነው፣ እሱ ደግሞ ለአማቱ ሲያስተላልፍ ዓይኑን አላየውም። እሷ ምግቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለት ትሄዳለች እንጂ አብራው አትቀመጥም።

ጉድጓዱ ደረቱ ጋ የደረሰ ቀን ነርሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ወጣች። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ እጇን ወደ ታች ዘረጋች። ካቻቢቴ ልትረዳው መስሎት እጁን ሊሰጣት ሲል፣ አፈር ስጠኝ አለችው። ከጉድጓዱ ወለል አንድ ጭብጥ ዘግኖ አቀበላት። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አሸተተችው።

«ገና ነው» አለችና አፈሩን በርሜሉ ውስጥ አራግፋ ተመለሰች።

ካቻቢቴ ላቡን በክርኑ ጠረገና ዶማውን አነሣ።