ስንቅ ወደ አሌክሳንድሪያ

ክፍሉ ነጭ ነበር። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ የሚያሳፍር ነው፤ ከእኛ አፓርትመንት ይልቅ ንጹሕ ነው አልኩ በልቤ። ግድግዳው ላይ የተበየደ የብረት አግዳሚ፣ ጥግ ላይ በር የሌለው የብረት መጸዳጃ፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ ያለ ርኅራኄ የሚነፍስ ኤሲ። ውጭ ሰኔ ነው፤ የአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ አስፋልት ይፋጃል። እኛ ውስጥ ተቀምጠን ጥርሳችን ይንገጫገጫል። የጫማ ማሰሪያችንን ስለወሰዱብን ስንራመድ እግራችንን እንደ ታመመ ሰው እንጎትት ነበር።

ከአንድ ቀን እስር ምን ትዝታ ይገኛል ብትሉኝ አልቀየምም። የእኛ አገር ሰው ታሰርኩ ሲል ዓመታት ነው የሚያወራው። እኔ ጠዋት ገብቼ ማታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ማንም አልመታኝም፣ ማንም አልሰደበኝም። ያም ሆኖ ያቺን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ሦስት ነበርን፤ ሦስታችንም ገና ኮሌጅ የጨረስን። አንዷ የሳልቫዶር ሰዎች ልጅ ናት፤ ያደገችው ላንግሊ ፓርክ የሚባል ሰፈር ነው። ሁለተኛዋ ረጅም፣ ቀጭን፣ እዚያው አሌክሳንድሪያ ተወልዳ ያደገች። እኔ ደግሞ በልጅነቴ ከእናቴ ጋር በዲቪ መጥቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደግሁ ሐበሻ። አንድ ማኅበር ከአካባቢው ወጣቶች መካከል መርጦን «የአካባቢ ጥበቃ ወጣት መሪዎች» የሚል ስም ሰጥቶናል። ስሙ ትልቅ ነው፤ ሥራችን ግን ለወራት ከወንዝ ዳር ፕላስቲክ መልቀም ነበር። እሱን ስንጨርስ ግን ትልቁ ነገር መጣ። በሚቀጥለው ሰኞ ኮንግረስ ውስጥ፣ አንድ ቢሮ ሦስታችንንም ለኢንተርንሺፕ፣ ማለትም ለሥራ ልምምድ፣ ሊቀበለን ነው።

አርብ ጠዋት ስለ ከሰል ጭስ ሕዝብ አስተያየት ይሰጣል በተባለበት አዳራሽ ተገኘን። ረጅሟ ልጅ ታናሽ ወንድሟ አስም አለበት፤ ስለ እሱ ልትናገር አጥንታ ነው የመጣችው። ተራችን ሳይደርስ ስብሰባው አበቃ ተባለ። ሌላው ሰው እያጉረመረመ ወጣ። እኛ ወለሉ ላይ ቁጭ አልንና እሷ ሳትናገር አንነሣም አልን። ፖሊሶቹ ለመኑን ማለት ይቻላል። በመጨረሻ አንሥተው ወሰዱን።

የላንግሊ ፓርኳ ልጅ ክፍሉ ውስጥ እንደገባን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እያለቀሰች መሆኑን ከትከሻዋ አወቅን። «ሰኞ የለም በቃ። ማን እስረኛ ቢሮው ያስገባል?» አለች። ጎኗ ተቀምጠን በሰውነታችን ልናሞቃት ሞከርን። ብዙ ሳይቆይ ማኅበሩ የላካት ጠበቃ መጣች። ክሱ ቀላል መሆኑን፣ ማታ እንደምንለቀቅ፣ ቢሮውም ነገሩን ሰምቶ ሰኞ እንጠብቃቸዋለን ማለቱን ነገረችን። ሁለቱ ተቃቀፉ። እኔም አብሬ አቀፍኳቸው፤ ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ቢሮው ቢፈቅድልኝም እናቴ አልፈቀደችልኝም።

አባቴ በፖለቲካ ታስሮ እዚያው የቀረ ሰው ነው። መልኩን አላስታውሰውም፤ ገና መናገር እየጀመርኩ ነበር። እናቴ ስለ እሱ አታወራም፤ ቤታችን ዜና ሲጀምር ቴሌቪዥኑ ይጠፋል። ኢንተርንሺፑን ስነግራት «ዛፍ ልትተክሉ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ኮንግረስ ነው ስላት ልብስ ማጣጠፏን ቀጠለች። እሺም እንቢም አላለችም። እኔ ደግሞ እናቴን አስከፍቼ አንድ እርምጃ የምራመድ ልጅ አይደለሁም። ዝም ካለች እንደማልሄድ ለራሴ ወስኜ ነበር፤ ይኸው እስሩ ደግሞ ተጨመረበት።

ስልክ ሲፈቀድልኝ ደወልኩላት። የምትሠራው ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ፤ አትደንግጪ።»

«አትደንግጪ ስትይኝ ደነገጥኩ! ብሬክ ላይ እኮ ነኝ። ምን ሆንሽ?»

«ታስሬያለሁ።»

 ከጀርባዋ የአንዲት አሮጊት ሳል ይሰማኛል። ለምን እንድትለኝ ጠበቅሁ። ብትጮህብኝም ደስ ይለኝ ነበር።

«ስንት ናችሁ?» አለችኝ።

«ማለት?»

«ክፍሉ ውስጥ። ስንት ሆናችሁ ነው ያላችሁት?»

«ሦስት።»

«የት?»

«አሌክሳንድሪያ ፖሊስ ጣቢያ።»

«እሺ» አለችና ዘጋችው። በጣም ተቆጥታለች ብዬ አሰብኩ።

ምሳ መጣ። ሥጋ በዳቦ ነው፤ ቀኑ አርብ ስለሆነ ዳቦውን ብቻ ነጥዬ በላሁ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ሴት ፖሊስ ፎቶ እንድነሣ ልትወስደኝ መጣች። እጄን ከፊት ለፊት በካቴና አሰረችው። በረጅም ኮሪደር ስንሄድ በመስታወት መስኮት በኩል የእንግዳ መቀበያው ይታያል። እናቴን እዚያ አየኋት።

የሥራ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ናት። ክንዷ ላይ ብርድ ልብስ፣ የአንድ ፖሊስ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ያ ተደራራቢው ምሳ ዕቃችን። ክዳኑን ከፍታ የላይኛውን ሳህን ወደ ፖሊሱ አስጠጋች፤ ከእንጀራው ቆረሰች፣ ምስሩን ጠቀለለች፣ ጎረሰች፣ አኝካ ዋጠች። እያያት መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ ሁለተኛውን ከፈተችና ከጎመኑ ቀመሰች። ከዚያ ከሽሮው። ፖሊሱ ወጣት ነው፤ አፉን ከፍቶ ያያታል።

«ምን እያደረገች ነው?» አለችኝ ሴትየዋ ቆም ብላ።

«እናቴ ናት። እኛ አገር እስረኛን የሚመግበው ቤተሰቡ ነው። መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት ያመጣው ሰው መጀመሪያ ይቀምሳል።»

«ማን ቅመሺ አላት?»

«ማንም። ደንቡን ታውቃለች።»

ሳህኖቹ እስከ አፋቸው ሞልተዋል። ስንት ናችሁ ያለችኝ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። በእኛ ደንብ ስንቅ ለአንድ ሰው አይመጣም፤ አብረውት ላሉትም ጭምር ነው። ሺፍቷን ለሰው ሰጥታ፣ ቤት ሮጣ፣ በሁለት አውቶቡስና በባቡር ተሸክማው መጥታለች።

ፖሊሱ በትሕትና ፈገግ አለ። ክዳኑን መልሶ ገጠመውና ምሳ ዕቃውን በሁለት እጁ ወደ እሷ ገፋው። ራሱን ነቀነቀ። አይቻልም ማለቱ ነው፤ ከውጭ ምግብ አይገባም፣ ሌላ ምንም ነገር የለበትም።

እናቴ ግን ደሟ ሁሉ ከፊቷ ጠፋ።

አክስቴ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንዳትነግሪያት ብላ ያጫወተችኝ ነገር አለ። እናቴ ለአባቴ ዝናብ ፀሐይ ሳትል ስንቅ ታመላልስ ነበር። አንድ ጠዋት በሩ ላይ ምሳ ዕቃውን ሳይከፍቱ መለሱላት። ከእንግዲህ እንዳታመጪ ነው ያሏት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። በዚያ ዘመን የዚህን ትርጉም የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። እንደሞላ ተሸክማው ቤት ገባች።

አሁን የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛለች።   በታሰረ እጄ መስታወቱን መታሁ፤ ወፍራም ስለሆነ አልተሰማም። ክው ብዬ ወደ ሴትየዋ ዞርኩ።

«እባክሽ! ሞታለች ብላ ነው!»

«ማን?»

«እኔ!»

ሴትየዋ አየችኝ፤ እናቴንም አየቻት። አባቴን አላነሣሁላትም፤ ጊዜም አልነበረም። ግን የሆነ ነገር የገባት መሰለኝ። ክንዴን ይዛ መስኮቱ ፊት አቆመችኝና በቁልፏ መስታወቱን ደጋግማ አንኳኳች። ብረቱ ጮኸ። እናቴ ዞረች።

የመስኮቱ ጠርዝ ደረቴ ድረስ ነው። እጆቼን ወደ ታች አወረድኩ፤ ካቴናው ከጠርዙ በታች ሆነ። ጀርባዬን አቀናሁ። ከዚያ ባለኝ ጥርስ ሁሉ ሳቅሁላት። በእርግጥም ፎቶ ልነሣ እየሄድኩ ነበርና ፈገግታው የትም አልባከነም። ሴትየዋ ወደ እጄ ዝቅ ብላ አየችና መልሳ ፊቴን እያየች ቆየች። ትንሽ ጊዜ ጨመረችልኝ።

እናቴ አላለቀሰችም። ዘበኛ ፊት ማልቀስ አትወድም። ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ የዩኒፎርሟን ኮሌታ አስተካከለች፣ ከዚያ በጣቷ ግድግዳው ሥር ያለውን ወንበር አሳየችኝ፤ እዚህ ነኝ ማለቷ ነው። ሄዳ ተቀመጠች። ምሳ ዕቃውን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ ማታ አልተነሣችም። ወጣቱ ፖሊስ ውኃ አምጥቶላት ነበር አሉ፤ ልጄ ሳትወጣ አልጠጣም ብላ ሳይሆን አልቀረም፣ አመስግና መለሰችለት።

ሲመሽ ለቀቁን። የረጅሟ ልጅ አባት መኪና ይዞ መጥቶ ነበር። እናቴ ግን ማንንም ወደ የትም አላስኬደችም። የመኪናው ኮፈን ላይ ብርድ ልብሱን አነጠፈች፣ ሳህኖቹን ደረደረች። «ብሉ፣ ልጆቼ፣ ብሉ። ኢት፣ ኢት!» አለች። የላንግሊ ፓርኳ ልጅ እንዴት እንደሚጠቀለል ስትደናገር እናቴ ራሷ ጠቅልላ አጎረሰቻት። ልጅቷ ጉንጯ ተወጥሮ እንባዋ መጣ። የሽሮው ቃሪያ ነው አለችን፤ እኛም አመንናት።

«እማዬ፣ የሰኞውን ልተወው?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«መጀመሪያ ብሉልኝ።»

በላን። እሷም አብራን በላች። የመጨረሻውን ሳህን በእንጀራ ጠርጋ አፌ ውስጥ ከተተችውና ባዶዎቹን ሳህኖች አንዱን ባንዱ ላይ ደራረበች። ሥራዋን ስትጨርስ ነው የመለሰችልኝ።

«አባትሽን ለምን ገባህበት ብዬው አላውቅም። ያመነበትን ነው ያደረገው። አንቺንም አልጠይቅሽም። ፈራሁ፤ ነገም እፈራለሁ። አንቺ ግን ሰኞ ሂጂ።»

ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ በእነዚያ ቢሮዎች ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ካሸነፍነው የተሸነፍነው ይበልጣል፤ የረጅሟ ልጅ ወንድም ግን ዛሬ ረጅም ጎልማሳ ነው፣ ይሮጣል። በየዓመቱ አዲስ ልጆች ለኢንተርንሺፕ ሲመጡ፣ የተጨነቁ ወላጆቻቸውን ስልክ እኔ ነኝ የማነሣው። ትዕግሥት አለኝ ለእነሱ።

እናቴ ጡረታ ወጥታለች፤ አሁን ዜና ሲጀምር ቴሌቪዥኑን የማጠፋው እኔ ነኝ፣ ካልሆነ እራት አንበላም። ስለዚያች ቀን ለብዙ ጊዜ አልተነጋገርንም ነበር። ባለፈው በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ሳለ ዓይኔን በጨው አጥቤ ጠየቅኋት። ፖሊሱ ምሳ ዕቃውን ሲመልስልሽ ምን አሰብሽ?

ኮሌታዋን አስተካከለች።

«ለማን ልደውል ብዬ አሰብኩ» አለችኝ። «የአባትሽ ጊዜ አንቺ ነበርሽልኝ፤ አንቺን አቅፌ አለቀስኩ። የዚያን ቀን ማንን አቅፋለሁ አልኩ።»

ከዚያ እጄን ያዘችና ሳቀች።

«ያን ጊዜ ብቅ አልሽ።»